ምን ይቅደም? ከእንጦጦ ግርጌ የሚነሣ ጥያቄ

ማለዳ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ቁስቋም በሚወርደው መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁለት ዓይነት ወራጆችን ያውቃል። አንደኛው በስፖርት ልብስ ሽቅብ ሮጦ ላቡን እየጠረገ የሚመለሰው ነው። ሌላዋ ከጫካው የምትወጣው ሴት ናት። ጀርባዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ታዝሏል። ሸክሙ ከራሷ ቁመት ይረዝማል፤ ገመዱ በትከሻዋ ዞሮ ደረቷ ላይ ይቋጠራል። ወገቧን አጥፋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስለምትሄድ መኪና መምጣቱን የምታውቀው በድምፁ ነው። ድካም ሲበረታባት ሸክሙን አትፈታም፤ ከፈታችው ብቻዋን መልሳ አታነሣውም። ወገብ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ትፈልግና ጀርባዋን ሰጥታ ሸክሙን ታስደግፋለች። ቆማ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች።

ግንቡን የሠራው መሐንዲስ አፈሩ እንዳይናድ ብሎ ነው የሠራው። እርሷ ግን በዚያ መንገድ ላይ ከአስፋልቱ፣ ከመብራቱና ከእግረኛ መሄጃው ሁሉ በፊት የምታውቀው ያንን ግንብ ነው። መንገዱ ሳይሠራ በፊት “ምን ይቅደም?” ብሎ የጠየቃት ቢኖር መልሷን ለመገመት አያዳግትም።

የእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች የሚያስፈልጋቸውን ለመናገር አንደበት አያጥራቸውም። ለስብሰባ ሲጠሩ ይመጣሉ፤ መዋጮ ሲባሉ ያወጣሉ፤ ኮሚቴ ምረጡ ሲባሉ ይመርጣሉ። በእጃቸው ያልገባው አንድ ነገር ቢኖር ቅደም ተከተሉን የማውጣት ሥልጣን ነው። ከተማችን ውስጥ “የኅብረተሰብ ተሳትፎ” የሚባለው ነገር የሚጠነክረውም የሚላላውም በዚህች ነጥብ ላይ ይመስለኛል። ሰው በአዳራሽ መገኘቱ ወይም ገንዘብ ማዋጣቱ የጉዳዩ ጫፍ ነው። ልቡ ያለው ካሉት አሥር ችግሮች የትኛው ቀድሞ ይነሣ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን በሚወስነው ሰው ላይ ነው።

የተራራው ታሪክ የቅደም ተከተል ታሪክ ነው

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የመጀመሪያው ጉዳይ መከላከያ ነበር። ከተራራው አናት ጠላት ከሩቅ ይታያል። ሰላሙ ሲሰፍን ደግሞ ብርዱና የውሃው ርቀት ቀድሞ መጣ፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ከተማውም ተከትሏቸው ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ማገዶ አለቀ። በተራራው ላይ የነበረው ጥድና ወይራ ተመንጥሮ ቤትም ምድጃም በላው፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መምጣት ተደረሰ። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፉ እንዴት እንደተስፋፋ ልብ ማለት ያሻል። ምኒልክ ችግኙ በቀላል ዋጋ እንዲሰጥ፣ የሚተክለውም ሰው ከግብር እንዲታለፍለት አደረጉ። ነዋሪው በጓሮው ተከለ፤ ቆረጠ፤ ሸጠ፤ ቤት ሠራበት። ኋላ ላይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ፣ ዛፉ ውሃ ይጨርሳል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው ይነቀል፣ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍም ይተካ የሚል ትእዛዝ መውጣቱን የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። የነቀለ ግን ብዙም አልነበረም። የቤተ መንግሥቱና የነዋሪው ቅደም ተከተል ሲገጥም ዛፉ በቀለ፤ ሲለያይ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። ስለ ተሳትፎ ከተጻፉ ብዙ መመሪያዎች ይልቅ ይህቺ ታሪክ ታስተምራለች።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የግል ባሕር ዛፍም ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ጫካው ጥበቃ ተመደበለት። ከጫካው ቅጠል ጠርጋና ጭራሮ ለቅማ ልጆቿን የምታሳድገው ሴት በአንድ ጊዜ ሕገወጥ ሆነች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የሥራ ድርጅት በእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ላይ ያስጠናው ጥናት ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ሸክም ይዘው ረጅም መንገድ እንደሚጓዙ፣ በመንገዳቸውም ከጥበቃ ጋር እንደሚጋጩ አሳይቷል። ከዚያ ሥራ በኋላ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ አባላቱ ከሸክም ወጥተው ሽመና ያዙ። የማኅበሩ የሽመና ሥራ ዛሬም ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ይሸጣል።

ቀጥሎ መናፈሻው መጣ። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት “ገበታ ለሸገር” በተሰኘው የእራት ግብዣ ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፈለ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ 1,300 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ለእንጨት ለቃሚ ሴቶች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥርም ተነገረ። መናፈሻው ያማረ መሆኑን ወጥቶ ያየ አይክድም። ከተማዋ ሳንባ ያስፈልጋታል። ከእንጦጦ የሚነሡት ቀበናና ቀጨኔ ወንዞች የታችኛውን ከተማ በጎርፍ እንዳይመቱም ተራራው ዛፍ መልበስ አለበት።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ “ከተማችን ምን ትምሰል?” የሚል ነው። ሌላው “ዛሬ ማታ በምን አበስላለሁ?” የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው መሐንዲስ፣ በጀትና የምረቃ ቀን አለው። ሁለተኛው ያለው የሴትዮዋ ጀርባ ብቻ ነው።

ሰፈር መወሰን ያውቃል

“ሕዝቡ ለእቅድ አልበሰለም” የሚል ሰው አንድ እሑድ የእድር ጉባኤ ላይ ይገኝ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ ያረፈደ መቀጮ ይከፍላል፤ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ያነብባል። ከዚያ ክርክሩ ይነሣል። ድንኳኑ አርጅቷል፤ ዝናብ ያስገባል። ወንበሩም ተሰባብሯል። አንዱ ተነሥቶ “መጀመሪያ ድንኳን ይገዛ፤ ክረምት እየመጣ ነው” ይላል። ሌላው “የለም፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይቅደም፤ ለሠርግ እያከራየን በሱ ገቢ ድንኳኑን እንገዛዋለን” ብሎ ይሞግታል። አንዲት እናት ከኋላ ሆነው “ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ገንዘብ ለንፍሮ እንኳ አይበቃም፤ እሱ ሳይጨመር ምን ወንበር ነው የምታወሩት?” ይላሉ። ዳኛው ያደምጣሉ፣ ያሸማግላሉ፣ በመጨረሻ እጅ ያስወጣሉ።

እዚያ ድንኳን ሥር የሚደረገው ሙሉ የእቅድ ሥራ ነው። ያለው ገንዘብ ይታወቃል፤ አማራጮቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያስከትል ይሰላል፤ የደከመው ወገንም ድምፁን ያሰማል። ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ ደግሞ ማን እንደወሰነ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ የማያውቅ አባል የለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ድንኳኑ ካልተገዛ ጠያቂው ብዙ ነው።

ችግሩ ይህ ችሎታ ከሞትና ከሐዘን ክልል ብዙም እንዲወጣ አለመደረጉ ነው። ሰፈሩ ስለ ቀብር በራሱ ይወስናል፤ ስለ ወንዙ ዳር፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ሲሆን ግን ወሳኙ ሌላ ቦታ ነው።

እንደዚህ ሊሆን የግድ አልነበረም። ሰፈርን የእቅድ መለኪያ የማድረግ ሐሳብ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ ማብቂያ ያቀረቡት ፕላን ከተማዋን የየራሳቸው አገልግሎት ባላቸው ሰፈሮች ለመክፈል ያለመ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም መሠረተ። ቀበሌ ማለት በስሙ የነዋሪው ማኅበር ነበር፤ ሸማቾች ሱቅ ከፈተ፣ መዋዕለ ሕፃናት ሠራ፣ መሠረተ ትምህርት አስተማረ። ብዙም ሳይቆይ ግን የራሽን ካርድ የሚሰጠውም፣ መታወቂያ የሚከለክለውም፣ በቀይ ሽብር ጊዜ በር የሚያንኳኳውም እሱ ሆነ። “ሰፈሩ ይሰብሰብ” ሲባል የዚያ ዘመን ሰው ትከሻው የሚሰበቀው ከዚህ የተነሣ ነው። የታመመውን ቃል ማዳን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚያ ወዲህም መዋቅሩ እየተዋሐደ እየሰፋ ሄደ። በደርግ ዘመን ከ280 በላይ የነበሩት የአዲስ አበባ ቀበሌዎች ተጨፍልቀው ዛሬ 120 ገደማ ወረዳዎች ሆነዋል። አገልግሎቱን ለማቀላጠፍ ይጠቅም ይሆናል፤ ለቅደም ተከተል ግን ጎጂ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች አሉ፤ የሚፈልጉት ብርሃን የሚገባው መሥሪያ ቦታና የማይቆራረጥ ገበያ ነው። ቀጨኔ ላይ ሸክላ ሠሪ እናቶች አሉ፤ የእነሱ ነገር አፈርና ማገዶ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ደግሞ ሐምሌ ሲገባ ሌሊት አይተኛም። አንድ ቢሮ እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ “የነዋሪው ፍላጎት” ብሎ በአንድ ገጽ ሲጽፍ የሚወጣው ዝርዝር የማንም አይሆንም።

“ከመድረኩ ምላሽ ተሰጠበት”

የወረዳ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሥርዓቱን በቃሉ ያውቀዋል። ሰነድ ይቀርባል። ሰነዱ አስቀድሞ ያለቀ ነው። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ተሰብሳቢው አስተያየት ይሰጣል፤ ጥያቄዎች በአምስት በአምስት ይሰበሰባሉ። “መብራቱ ይጠፋል፣ ውሃው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ድልድዩ ሊወድቅ ነው” ይባላል። ከመድረኩ ምላሽ ይሰጥበታል፤ ከፊሉ “በእቅድ ይዘነዋል”፣ ከፊሉ “ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን” ተብሎ ያልፋል። ማምሻውን ዜናው “ነዋሪዎች የጋራ መግባባት ላይ ደረሱ” ይላል።

በዚህ ሂደት ውስጥ የጎደለው የንግግር ነፃነት ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሰው ደፍሮ ብዙ ይናገራል። የጎደለው ንጽጽር ነው። ድልድዩና ውሃው እንደ እድሩ ድንኳንና ወንበር ጎን ለጎን አይቀመጡም። ይሄን ያህል ብር አለን፤ ድልድዩ ይሄን ያህል፣ የውሃው መስመር ይሄን ያህል ያወጣል፤ ሁለቱን ዘንድሮ መሥራት አንችልም፤ የቱ ይቅደም? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ነዋሪው ሁሉንም ይጠይቃል፤ አስተዳደሩም ሁሉንም ይመዘግባል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ይወጣል።

ሕጉ ለዚህ በሩን ከፍቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ የሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይም ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከዋናው ፕላን በታች የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖር፣ በፕላን ዝግጅት ነዋሪው እንዲሳተፍም ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ቦታ ያለ ባለይዞታ አቅሙ ካለው በግልም ሆነ ተደራጅቶ መሬቱን የማልማት የቅድሚያ መብት ሰጥቶታል። “ቅድሚያ” የሚለው ቃል በዚህ ሕግ ውስጥ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሐሳብን መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ተራ ማስያዝ ሌላ። ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ነው። በዚያ ላይ ሕጉ የሚያነሣው ባለይዞታን ነው፤ በእንጦጦ ግርጌ ያለው አብዛኛው ኑሮ ግን በቀበሌ ቤት፣ በኪራይና በደባልነት የተያዘ ነው።

ነዋሪው በቅደም ተከተል ላይ ሳይጨመር ሲቀር ዋጋው ምን ያህል እንደሚከብድ አገሪቱ አይታዋለች። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደገና ተቀጣጥሎ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ እቅዱ ተሰረዘ። ባለሙያዎቹ መንገድና ቆሻሻ ማስወገጃን አስቀድመው አስበው ይሆናል፤ ገበሬው ያስቀደመው መሬቱን ነው። ይህ ለእንጦጦ ሩቅ ወሬ አይደለም። ተራራውን ተሻግረህ ስትወርድ ሱሉልታ ነህ። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ ከከተማዋ በፊት እዚህ ይኖር ከነበረ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ የተወረሰ ነው። ማን ነበረ፣ ማን ተጠየቀ የሚለው ጥያቄ ከመሬቱ ስም ጋር ተቀብሯል።

ተራው በነዋሪው እጅ ሲገባ

ተስፋ የሚሰጡ ምሳሌዎች የሉም ማለት ግን አይደለም። ቅርቡ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ የመሩት ሥራ ነው። ባለቤታቸው ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ወርቅነህ የአዲስ አበባ ከንቲባ ነበሩ፤ ወይዘሮ ጀምበር ራሳቸው በደርግ ዘመን ዓመታትን በእስር አሳልፈዋል። ከእስር ወጥተው ወደ ድሃው ሰፈር ገቡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት መነሻው ቤት፣ ጤናና ገቢ ተነጣጥለው አይታከሙም የሚል ነበር። ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ከፕሮጀክቱ ጋር ያቅድ፣ በጉልበቱና በገንዘቡም ይሳተፍ ነበር። ከውጭ ለሚያይ የመጀመሪያው ችግር የፈረሰ ጣሪያ ነው። ጭስ በሞላበት አንድ ክፍል ውስጥ አብስላ አዳሯን እዚያው ለምታደርግ እናት ግን የጋራ ማድቤትና መጸዳጃ ቤት ከጣሪያ ሊቀድም ይችላል። ይህን ከእርሷ በቀር ማንም ሊያውቅላት አይችልም።

ሁለተኛው የከተማ የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ነው። በዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላርና በመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ከ2009 ዓ.ም. አንሥቶ በ11 ከተሞች 600 ሺህ ያህል ሰው ለመድረስ የታቀደ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የአዲስ አበባ ነበር። ተጠቃሚውን ይለይ የነበረው የሰፈሩ ኮሚቴ ነው፤ የተመረጡት ስም በአደባባይ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማበት ነበር። ሰፈር ጠራጊዋ እናት፣ ችግኝ የምትንከባከበው ወጣት፣ የኮብልስቶን ሠራተኛው ከክፍያቸው 20 በመቶ እየቆጠቡ ለሦስት ዓመት ይሠሩ ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን “ከእኛ መካከል ይበልጥ የቸገረው ማን ነው?” የሚለውን እጅግ ከባድ ጥያቄ ሰፈሩ ራሱ መመለሱ ነው። ሐሜት ነበረበት፤ ዝምድናም ይገባበት ነበር። ቢሆንም ስሙ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ የሚያዳላ ሰው ከሰፈሩ ዓይን አያመልጥም ነበር።

ሦስተኛው ከከተማ ራቅ ያለ፣ ለእንጦጦ ግን የቅርብ ዘመድ የሆነ ነው። መንዝ ላይ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። የአካባቢው ሰው ቤቱን የሚከድንበትን፣ ገመድ የሚገምድበትን የጓሳ ሣር ቄሮ በተሰኘ ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመት ያህል ጠብቆታል። በአስቦና በጌራ ስም በተከፈሉት ሁለት ወገኖች የተመረጡ አባ ቄራዎች ጓሳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱታል፤ ሕጉን ጥሶ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ነዋሪው ኋላ በኮሚቴ መልክ መልሶ ገነባው፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል ነው። እንጦጦም እንደ ጓሳ ማገዶ፣ ውሃና ጥላ የሚሰጥ ተራራ ነው። ልዩነቱ ጓሳ ላይ “መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት?” የሚለውን የሚመልሰው ሣሩን የሚፈልገው ሰው ራሱ መሆኑ ነው። ሣሩን የሚያጭደው ሰው እንዲዘጋ ከፈቀደ ጠባቂ መቅጠር አያስፈልግም።

ዓለምም ከዚህ የተለየ ነገር አላስተማረንም። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 የጀመረችው የበጀት አሠራር ሰፈሮች ፍላጎታቸውን በተራ አስቀምጠው ነጥብ እንዲሰጡ፣ አገልግሎት ይበልጥ የጎደለው ሰፈርም ተጨማሪ ነጥብ እንዲያገኝ ያደርግ ነበር። ለዓመታት ምሳሌ ሆነ። ለውሳኔ የሚቀርበው የበጀት ድርሻ እየሳሳ ሲሄድ ግን ሰውም ከስብሰባው ቀረ። ገንዘብ የሌለበት ቅደም ተከተል የምኞት ዝርዝር ነው፤ ሰው ደግሞ ለምኞት ብሎ ሥራ ፈትቶ አይሰበሰብም።

ሰፈርም የራሱ ዓይነ ስውርነት አለው

እንግዲህ ሁሉን ለሰፈር እንስጥ ማለት ይቀልል ነበር። ነገር ግን እድርም ወንዝ ዳር ያለውን አንዳንዴ አያየውም። የእድር ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ጠገብ ወንድ፣ ቤት ያለው፣ በሰፈሩ የኖረ ነው። ተከራዩ ዛሬ ሽሮ ሜዳ፣ ነገ ሱሉልታ ነው፤ መዝገብ ላይ የለም። በእንጦጦ ደግሞ ሌላ የተለየ ነዋሪ አለ። ለጠበል ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ፣ ኪዳነ ምሕረትና ማርያም አጠገብ ቤት ተከራይቶ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት የሚቀመጥ ሰው ነው። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ብዙዎች እንዲህ መጥተዋል፤ የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ መምከራቸው ብዙዎችን ከሞት አድኗል። የነዚያ ሰዎች ቅድሚያ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውሃ ነው። ሰፈሩ ግን እንግዳ ናቸው ብሎ በቀላሉ ሊያልፋቸው ይችላል። እንጨት ተሸካሚዋም እንደዚያው ናት፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ ስትመለስ ስብሰባው አልቋል።

በዚህ ላይ ሰፈር ብቻውን የማይወስነው ነገር አለ። ተራራው ላይ ዛፍ ቢቆረጥ ጎርፉ የሚያገኘው ታች ያለውን ነው። ስለዚህ “ተራራው ይሸፈን” የሚለው ውሳኔ የከተማው ሁሉ ነው። “ተራራው እስኪሸፈን ድረስ እኔ በምን ላብስል?” የሚለው ደግሞ የሽሮ ሜዳዋ እናት ነው። የከተማው ግብና የሰፈሩ ተራ ሳይጣሉ የሚቀመጡት እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች በየቦታቸው ሲወሰኑና አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ሲገደድ ነው።

ታዲያ ምን ይቅደም?

ትልቅ አብዮት አያስፈልግም። እድሩ በየወሩ የሚያደርገውን ወረዳው በዓመት አንድ ጊዜ ቢያደርገው ይበቃል። በመጀመሪያ ገንዘቡ ይነገር። ለቀጠናው የተመደበው ጥቂትም ቢሆን፣ የአንድ ድልድይ ዋጋም ቢሆን፣ ሰነድ ሳይዘጋጅ በፊት ቁጥሩ በአደባባይ ይለጠፍ። ከዚያ አማራጮቹ ከነዋጋቸው ጎን ለጎን ይቀመጡና እጅ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ስብሰባው አዳራሹ በሚመቸው ሰዓት ሳይሆን ሸክም ያላት ሴት በምትመለስበት፣ ሸማኔው ከመወርወሪያው በሚነሣበት ሰዓት ይሁን፤ ተከራዩም ጠበልተኛውም ድምፅ ይኑረው። በመጨረሻም የሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ የሚከፈተው ባለፈው ተራ ከወጣው ውስጥ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ለምን ቀረ በሚል ንባብ ይሁን። የእድር ገንዘብ ያዥ እንደሚያነብበው ማለት ነው።

እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ሕዝብ ተሳታፊ ነው የሚለውን ቃል በየዜናው መደጋገም አያስፈልግም። በአንድ ክረምት ውስጥ ይታያል። ነዋሪው ራሱ ተራ ባስያዘው ቦይ ላይ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ጎረቤቱ ይቆጣዋል፤ ሌላ ሰው ባስያዘው ቦይ ላይ ግን ሁሉም ይጥላል።

ወደ መንገዱ ዳር ግንብ ልመለስ። ያቺ ሴት ነገ ጀርባዋ ከሸክም ቢያርፍ እሰየው፤ የሽመና ማኅበሩ እንደሚቻል አሳይቷል። እስከዚያው ግን ጠዋት ጠዋት ትወርዳለች። በሚቀጥለው ክረምት ያ መንገድ መታደሱ አይቀርም። የንድፉ ወረቀት ከመጽደቁ በፊት አንድ ባለሙያ ቁስቋም በር ላይ ቆሞ አሥር ወራጅ ሴቶችን “የት የት ላይ ትደገፊያለሽ?” ብሎ ይጠይቅ። እነሱ በሚጠቁሙት ቦታ ግንቡ ወገብ ድረስ ከፍ ቢል ወጪው ለመንገዱ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ያኔ ግንቡ አፈሩንም ሴትዮዋንም ይደግፋል።